ማብራሪያው ከሥዕሉ ሲቀድም፦ የአንዲት ቤተ ክርስቲያን የኪነ ጥበብ መርሐ ግብር ሲገመገም

ላለፉት ስምንት ወራት አንዲት ቤተ ክርስቲያን በወር አንድ ቅዳሜ በአዳራሿ የምታዘጋጀውን የኪነ ጥበብና የባህል መርሐ ግብር ሳላጓድል ተከታትያለሁ። ስሟን የማልጠቅሰው የምነቅፈው ነገር ከሌሎችም ቤት የማይጠፋ በመሆኑ ነው፤ እንዲያውም ብዙዎች ጨርሶ የማይሞክሩትን መሞከሯ አስቀድሞ ሊመሰገን ይገባል። መግቢያው ነጻ ነው፤ የሥዕል ዐውደ ርእይ፣ የመዝሙር ምሽት፣ የፊልም ውይይትና የግጥም ንባብ በየተራ ይቀርባሉ፤ ምእመን ያልሆነ ሰው ቢመጣም ማንነቱን የሚጠይቀው የለም።

በሦስተኛው ወር የቀረበው የሥዕል ዐውደ ርእይ የመርሐ ግብሩን ጥንካሬም ድክመትም በአንድ ቀን አሳይቶኛል። የተሰቀሉት ሥራዎች ወደ ሃያ ይጠጋሉ። የጣሪያው መብራት መስታወት በለበሱት ሥዕሎች ላይ ስለሚያንጸባርቅ፣ ተመልካቹ ከሥዕሉ ይልቅ የራሱን ግንባር ያይ ነበር። በግራው ግድግዳ ጥግ ግን መስታወት የሌለው፣ ከአንድ ክንድ የማይበልጥ የዘይት ቀለም ሥዕል ተሰቅሏል፦ ረጅም ጠረጴዛ፣ የተቆረሰ ኅብስት፣ በዙሪያው አሥራ ሦስት ባዶ ወንበሮች። አሥራ ሁለቱ ወደ ማዕዱ እንደዞሩ ሲቀሩ አንዱ ብቻ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ፣ ዘመም ብሎ ቆሟል። ሠዓሊዋ የዚያን ወንበር እግሮች ከሌሎቹ ይልቅ አጥብቃ ስለሠራቻቸው ዐይን ሳይወድ በግድ ወደዚያው ይሳባል።

ከሥዕሉ ፊት ለመድረስ ገና ጥቂት እርምጃ ሲቀረን መድረክ መሪው ማይክሮፎኑን አንሥቶ «ይህ የይሁዳ ወንበር ነው» አለና ስለ ክህደት ሩብ ሰዓት ያህል አስተማረን። ትምህርቱ ስሕተት አልነበረበትም፤ ችግሩ፣ ንግግሩ ሲያበቃ ሥዕሉም አብሮት ማብቃቱ ነው። ሰዉ ሥዕሉን ገልመጥ እያደረገ አለፈ። ቆይቶ፣ አዳራሹ ሲሳሳ፣ አንዲት አዛውንት ወደ ሠዓሊዋ ጠጋ ብለው «ልጄ፣ እኔ እኮ የጴጥሮስ መስሎኝ ነበር፤ እሱም ኋላ ወጥቶ አልቅሷል» አሏት። እሷም ፈገግ ብላ «እናቴ፣ እኔም ሥዬ እስክጨርስ የማን እንደሆነ አልቆረጥኩም ነበር» ብላ መለሰች። ከስምንቱ ወራት ንግግር ሁሉ በልቤ የቀረው ይህ ነው፤ እሱ ደግሞ በማይክሮፎን አልተነገረም።

ማብራሪያን ከሥዕል የማስቀደም ልማዱ የአንድ መድረክ መሪ ጠባይ ብቻ ሳይሆን የቆየ ሥር ያለው ነው። እ.ኤ.አ. በ600 ገደማ የሮሙ ጳጳስ ጎርጎርዮስ፣ ሥዕሎችን የሰባበረውን የማርሴይ ጳጳስ ሴሬኑስን በደብዳቤ ሲገሥጽ፣ ማንበብ የማይችሉ ሰዎች በመጽሐፍ ያላገኙትን በግድግዳ ላይ እንደሚያነቡ አስረድቶታል። መከራከሪያው ለሥዕል ትልቅ ውለታ ውሏል፤ ነገር ግን ሥዕልን የጽሑፍ ምትክ አድርጎ ስለሚያስቀምጠው፣ ማንበብ የሚችል ጉባኤ በተሰበሰበበት ቦታ ሥዕሉ ምን ሥራ እንደሚቀረው አይነግረንም። ዮሐንስ ዘደማስቆ ግን በስምንተኛው መቶ ዘመን ለሥዕል ሲከራከር መነሻ ያደረገው ምሥጢረ ሥጋዌን ነው፦ የማይታየው አምላክ ሥጋ ለብሶ ከታየ በኋላ መልኩን መሣል ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ787 የተሰበሰበው ሁለተኛው የኒቅያ ጉባኤም ለሥዕል የሚሰጠው ክብር ወደ ተሣለው አካል እንደሚያልፍ ወሰነ። በዚህ መንገድ ካየነው፣ ቀርቦ ዝም ብሎ መመልከት ራሱ ሥራ እንጂ ለስብከት መንደርደሪያ አይደለም። አዳራሹ ውስጥ ያጣሁት ይህንን ነው።

የመዝሙሩ ምሽት የተሻለ ነበር፤ ምክንያቱም ኮሚቴው ከዝግጅቱ በፊት የነበረውን ልምምድ ለተመልካች ክፍት አድርጎት ነበር። የመዘምራኑ መሪ «ሰላም» በሚለው አንድ ቃል ላይ አቆማቸውና ዝቅተኛውን ድምፅ የሚዘምሩትን ባሶቹን፣ ‹«ም»ን ቶሎ ዘጋችሁት፤ ከንፈራችሁ ከእጄ ጋር ይዘጋ› አላቸው። ሰባት ጊዜ ደገሙት። በሰባተኛው ድምፁ ቀስ ብሎ ወደ ዝምታ ሲገባ ከአጠገቤ የተቀመጠው ወጣት ስልኩን ወደ ኪሱ መለሰ። ስለ ሰላም ማንም አንድ ቃል አላስተማረንም። የስዊዘርላንዱ የተሐድሶ መሪ ዝዊንግሊ ራሱ ልዩ ልዩ የሙዚቃ መሣሪያ የሚጫወት ሰው ሆኖ ሳለ በዙሪክ አብያተ ክርስቲያናት ሙዚቃ ዝም እንዲል ማድረጉ ይገርመኝ ነበር፤ ከዚያ ምሽት በኋላ ግን የሙዚቃን ጉልበት በሚገባ ስለሚያውቀው ሳይሆን አይቀርም ብያለሁ።

ስለ ክፍያ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ሠዓሊዋ ፍሬሙንም ማመላለሻውንም የሸፈነችው ከኪሷ ነው፤ ብትጠይቅ የተሰጣት መልስ «ለአገልግሎት ነው» የሚል ነበር። መብራቱን የቀጠለው ኤሌክትሪሻን ግን ሒሳቡን ተቀብሏል፤ አምፖል መቀጠል ሥራ፣ ሥዕል መሣል በረከት የሚሆንበት ምክንያት አይገባኝም። ከ1723 ጀምሮ እ.ኤ.አ. በ1750 እስኪሞት ድረስ በላይፕሲግ የሠራው ጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ ባኽ ተቀጥሮ ደመወዝ የሚበላ ሰው ነበር፤ በ1730 ለከተማው ምክር ቤት ባስገባው ማመልከቻም የሙዚቀኞቹን ማነስና የሚያገኙትን ክፍያ በግልጽ አማርሯል። በእንግሊዝ አገር በኖርዝሃምፕተን የቅዱስ ማቴዎስ ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ የነበረው ዋልተር ሀሲ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1943 ለቤተ ክርስቲያኑ ሃምሳኛ ዓመት ከሙዚቃ ደራሲው ቤንጃሚን ብሪተን ካንታታ (በመሣሪያ ታጅቦ የሚዘመር ድርሰት) አስደርሷል፤ ቀራፂው ሄንሪ ሙር የሠራው የድንግልና የሕፃኑ ቅርጽም በ1944 ሲተከል ተቃውሞ ቢነሣበትም ሀሲ አላነሣውም። በጦርነት መካከል ያለ አንድ አጥቢያ ይህን ካደረገ፣ በሰላም ጊዜ የፍሬም ዋጋ መሸፈን የሚያቅት አይመስለኝም።

ሌላው ቅሬታዬ ሥራቸውን እንዲያቀርቡ የተጋበዙት ሁሉ የቤተ ክርስቲያኒቱ አባላት መሆናቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 በፈረንሳይ አልፕስ የተመረቀው የአሲ ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ የዶሚኒካኑ መነኩሴ ኩቱሪዬ አይሁዳውያኑን ሠዓሊ ሻጋልንና ቀራፂ ሊፕሺትስን፣ ኮሚኒስቱን ሠዓሊ ሌዤንም ጋብዟል። ዋጋም አስከፍሏል፤ የቀራፂዋ የዠርሜን ሪሺዬ የስቅለት ቅርጽ በ1951 በተቃውሞ ከመሠዊያው ተነሥቶ ወደ ቦታው የተመለሰው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ኮሚቴው እንዲህ ያለ ውዝግብ ቢፈራ አልፈርድበትም፤ ነገር ግን «ባህልን እናነጋግራለን» ብሎ ማስታወቂያ ለጥፎ ከራስ ቤተሰብ ጋር ብቻ መነጋገር ማስታወቂያውን ያሳብለዋል።

የፊልም ውይይቱ ላይ ብዙ የምለው የለኝም፤ ድምፁ ይቆራረጣል፣ ውይይቱም ገጸ ባሕርያቱን ጻድቅና ኃጥእ ብሎ ከመለየት አላለፈም። የግጥም ንባቡ አጭርና ጨዋ ነበር።

ይህን ሁሉ በሰባተኛው ወር ለኮሚቴው በጽሑፍ አቅርቤ ነበር። የተቀበሉኝ በትሕትና ነው፤ በስምንተኛው ወር ዐውደ ርእይም ማይክሮፎኑ ከአዳራሹ ተወግዶ፣ ማብራሪያዎቹ ሁሉ ከየሥዕሉ ሥር ወደ መውጫው በር ተዛውረው፣ ከሥዕሎቹ ፊት አግዳሚ ወንበሮች ተደርድረው አገኘሁ። ደስ ብሎኝ አንዱ ላይ ተቀመጥኩ። ሕዝቡ ግን እንደገባ ቀጥታ ወደ መውጫው ሄዶ፣ ማብራሪያውን ከላይ እስከ ታች አንብቦ፣ ከዚያ ሥዕሎቹን ለማየት ተመለሰ።