ከአባይ በረሃ በኋላ ያሠራሁት የሃይሉክስ ፍሬን

ባለፈው የካቲት ጭነት ይዤ ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ ስወርድ፣ ቁልቁለቱን አጋምሼ ሳለ የፍሬኑ ፔዳል ከእግሬ ሥር ለስልሶ ወደ ወለሉ ወረደ። ደጋግሜ ብረግጠውም የሚይዘው ለቅጽበት ብቻ ነበር። ማርሹን ወደ ሁለተኛ አውርጄ፣ የእጅ ፍሬኑን ቀስ በቀስ እየሳብኩ መኪናዬን በተራራው በኩል ባለው ጠጠር ላይ በጭንቅ አቆምኳት። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ስሞክረው ግን ፔዳሉ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ጠንክሮ ተመልሷል። እግዚአብሔር አትርፎኝ አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላ በዚህች መኪና ፍሬን ላይ ምን እንዳሠራሁ፣ የትኛው ዕቃ ገንዘቡን እንደሚያወጣና የትኛው እንደማያወጣ በዝርዝር መጻፍ የፈለግሁት በዚያ መንገድ የሚመላለሱ ብዙ ባለፒክአፖች ስላሉ ነው።

መኪናዋ በአውሮፓ አቆጣጠር 2012 የተሠራች፣ ብዙዎቻችን «ቪጎ» የምንላት ባለሁለት ጋቢና፣ በአራቱም ጎማ የምትነዳ ቶዮታ ሃይሉክስ ናት። ከፊት አየር ማሳለፊያ ያላቸው ዲስኮች፣ ከኋላ ደግሞ ታምቡሮ (ሸራው ከውስጥ ተገፍቶ የሚይዘው ክብ ብረት) አላት። የቀድሞው ባለቤት ከኋላ ባሌስትራ ከማስጨመሩ በቀር ከፋብሪካ እንደወጣች ነበረች። ይህ ባሌስትራ በፍሬኑ ላይ የነበረውን ድርሻ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

በመጀመሪያ ያሰብኩት ከዱባይ ትልልቅ ዲስክና ካሊፐር (ዲስኩን ጨብጦ የሚይዘውን ሸራ የሚገፋው ዕቃ) ማስመጣት ነበር። ዋጋውን ከጠየቅሁ በኋላ ግን ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ተገደድኩ፤ ሳየውም የመኪናዬ የፊት ካሊፐር ከፋብሪካው ጀምሮ ሁለት ሁለት ሆነው ፊት ለፊት የሚገፉ አራት ፒስተኖች ያሉት፣ ለዚህ ክብደት የሚበቃ ዕቃ ሆኖ አገኘሁት። ጎማን አንሸራትቶ እስከ ማቆም ድረስ የሚይዝ ፍሬን ያለው ሰው አንድ ጊዜ አጥብቆ ለመያዝ ተጨማሪ ኃይል አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው ያ ኃይል በረዥም ቁልቁለት ሙቀት ሳይበግረው እንዲቆይ ነው።

ሙቀቱን በቁጥር ማየት ይጠቅማል። ከጎሐ ጽዮን አፋፍ እስከ ድልድዩ ከ1,300 ሜትር ያላነሰ ቁልቁለት አለ። ጭነቷን ጨምሮ 2,500 ኪሎ ግራም የምትመዝን ፒክአፕ ይህን ስትወርድ የምታወጣው ጉልበት፣ ያችው መኪና በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር እየሮጠች ከ50 ጊዜ በላይ ሙሉ በሙሉ ብትቆም ፍሬኑ ከሚውጠው ጉልበት ጋር ይስተካከላል። ከዚህ ውስጥ ሞተሩ በዝቅተኛ ማርሽ ካልያዘው በቀር አብዛኛው ወደ ዲስኩና ወደ ሸራው የሚሄድ ሙቀት ነው።

በዚህ ሙቀት ፍሬን በሁለት መንገድ እምቢ ይላል፤ ሹፌሩም በእግሩ ሊለያቸው ይችላል። ፔዳሉ ጠንካራ ሆኖ እያለ መኪናው አልቆም ካለ የተቃጠለው ሸራው ነው። ፔዳሉ ለስልሶ ከወረደ ግን የፍሬን ዘይቱ ፈልቶ በቱቦው ውስጥ እንፋሎት ሠርቷል ማለት ነው፤ እንፋሎት ሲረገጥ ስለሚጨመቅ ግፊቱ እስከ ፒስተኑ አይደርስም። ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ መልሶ ፈሳሽ ስለሚሆን ፔዳሉ ወደ ቦታው ይመለሳል። እኔን ያጋጠመኝ ይኸው ሁለተኛው ነበር።

ጋራዡ ውስጥ መካኒኩ የካሊፐሩን ማስተንፈሻ ሲከፍተው በላስቲክ ቱቦው የወረደው ዘይት የቡና አተላ ይመስል ነበር። «ጋሼ፣ ይህን ዘይት መኪናዋን ከገዙ ወዲህ አስቀይረውት ያውቃሉ?» ሲለኝ የምመልሰው አልነበረኝም፤ ሲጎድል ከማስጨመር በቀር አስቀይሬው አላውቅም ነበርና። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል። «ዶት» የዘይቱ ደረጃ መጠሪያ ነው፤ አዲስ ዶት 3 ዘይት ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ መቆየት ሲኖርበት፣ 3.7 በመቶ ውኃ ሲገባበት የሚጠበቅበት ዝቅተኛው መጠን ወደ 140 ይወርዳል። ዶት 4 ደግሞ አዲስ ሳለ 230፣ እርጥበት ከሳበ በኋላ 155 ነው። በእኔ እምነት በአንድ ፒክአፕ ፍሬን ላይ ከሚወጣ ገንዘብ ሁሉ ብር በብር የሚመልሰው ይህ ነው፤ ሁለት ሊትር ዶት 4 ሙሉውን መሥመር አጥቦ ለመሙላት በቅቶኛል፣ ከገዛኋቸው ዕቃዎችም በዋጋ የመጨረሻው ነበር። ዶት 4 ከዶት 3 ጋር ቢደባለቅ ጉዳት የለውም። ዶት 5 የሚባለው ግን ሲሊኮን ስለሆነ ከሁለቱም ጋር መቀላቀል የለበትም። የታሸገ ጠርሙስ ይግዙ፤ ከጋራዥ መደርደሪያ ላይ ክዳኑ ተከፍቶ የከረመውን አይቀበሉ።

የፊት ሸራዎቹ ሲወጡ ፊታቸው እንደ መስታወት አብረቅርቆ፣ ጠርዛቸውም ተሰነጣጥቆ ነበር። ከዓመት በፊት በርካሽ የተገጠሙልኝ ናቸው፤ በጀርባቸው ላይ ከመኪናው ሞዴል በቀር ምንም ጽሑፍ አልነበረም። በሚገባ የተሠራ ሸራ በብዛት በጠርዙ ወይም በጀርባው ላይ የአምራቹ ስምና ቁጥር፣ በመጨረሻም ሁለት የላቲን ፊደላት ይታተሙበታል። የመጀመሪያው ፊደል ሸራው በመጠነኛ ሙቀት፣ ሁለተኛው ደግሞ በከፍተኛ ሙቀት የሚይዝበትን የፍትጊያ መጠን ያሳያል። «ኢ» ከ0.25 እስከ 0.35፣ «ኤፍ» ከ0.35 እስከ 0.45፣ «ጂ» ከዚያ በላይ እስከ 0.55 ነው። ለቁልቁለት የሚፈለገው ሁለተኛው ፊደል ከመጀመሪያው ያላነሰ ሸራ ነው፤ «ኤፍ ኤፍ» ለፒክአፕ ጥሩ ምርጫ ነው።

ሶማሌ ተራ ሄጄ ሦስት ሱቆች ጠየቅሁ። በሁለቱ «ኦሪጅናል ነው» ከሚለው ቃል ሌላ ማስረጃ አላገኘሁም። በሦስተኛው ግን ባለሱቁ ያለምንም ማጉረምረም ካርቶኑን ከፍቶ፣ ሸራውን በእጄ ሰጥቶ ፊደላቱን እንዳነብ ፈቀደልኝ፤ ካልገጠመም እንደምመልሰው በደረሰኙ ላይ ጻፈልኝ። የገዛሁት የብረት ቅንጣት የተቀላቀለበት «ኤፍ ኤፍ» ሸራ ሲሆን፣ ዋጋው ከርካሹ ሦስት እጥፍ ሊጠጋ ጥቂት ነበር የቀረው። ለከተማ ብቻ የሚነዳ ሰው ሴራሚክ የሚባለውን የሸራ ዓይነት ቢመርጥ ድምፁም አቧራውም ያንስለታል፤ ጭነት ይዞ በረሃ ለሚወርድ ግን የእኔን እመርጣለሁ።

ዲስኩን አልቀየርኩትም። በጠርዙ ላይ የሚፈቀደው ትንሹ ውፍረት ተቀርጿል፤ መካኒኩ ለክቶ ገና ብዙ እንደቀረው ስላረጋገጠ ቶርኖ ቤት በስሱ አስላጭተን መለስነው። ከዚያ ቁጥር በታች የወረደ ዲስክ ግን ቶርኖ አያድነውም፤ ሙቀት የሚይዝበት ብረት አልቋልና አዲስ መግዛት ግድ ነው። ለመልክ የሚሸጡት የተበሳሱ ዲስኮች በቀዳዳቸው ዙሪያ ሊሰነጠቁ ስለሚችሉ ለጭነት መኪና አልመክራቸውም።

አብዛኛው ሰው ችላ የሚለውና እኔንም ያስገረመኝ የኋላው ነው። ሸራው ከታምቡሮው በጣም ርቆ ስለነበር ከፔዳሉ ጉዞ ብዙው ክፍተቱን በመሙላት ብቻ ያልቃል፤ አጽድተው ሲያቀራርቡት ፔዳሉ ወዲያው ከፍ አለ፣ የእጅ ፍሬኑም ቀደም ብሎ መያዝ ጀመረ። ለዚህ የተከፈለው የሥራ ዋጋ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ግን ከሻንሲው ላይ ተጣብቆ በዘንግ ከኋላ አክሱ ጋር የተያያዘ አንድ ቫልቭ አለ። ጭነት ሲበዛና የመኪናዋ ኋላ ሲወርድ ዘንጉ ይገፋና ለኋላ ፍሬን ተጨማሪ ግፊት ይለቃል፤ ባዶ ስትሆን ደግሞ ኋላዋ እንዳይንሸራተት ግፊቱን ይቀንሳል። ባሌስትራ የተጨመረላት መኪና ኋላዋ ከፍ ስለሚል፣ ይህ ቫልቭ ሙሉ ጭነት ተጭና እያለች እንኳ ባዶ እንደሆነች ይቆጥራታል። ስለዚህ መኪናዬ ለዓመታት ከባዱን ሸክም በፊት ፍሬኗ ብቻ ስትይዝ ኖራለች፤ የፊቱም ዘይት የፈላው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። መካኒኩ የዘንጉን ርዝመት ለአዲሱ ከፍታ አስተካከለው። ባሌስትራ ያስጨመረ ሰው ሁሉ ይህን እንዲያስፈትሽ አጥብቄ እለምናለሁ።

ጋራዡን በተመለከተ፣ ለሥራው ጥራት ምስጋና ይገባዋል፤ የላሉትን የካሊፐር ጎሚኒዎች ቀይረዋል፣ አየሩንም ከሩቁ ጎማ ጀምረው በሥርዓት አስወጥተዋል። ቅሬታዬ የጎማ ዳዶዎቹን በአየር መፍቻ ያለ ልክ ማጥበቃቸው ነው። ዳዶ እኩል ካልጠበቀ ዲስኩ ሊጣመም፣ ፔዳሉም ከጊዜ በኋላ ሊንቀጠቀጥ ስለሚችል በእጅ መፍቻ እንዲደግሙት ጠይቄ አስደግሜአለሁ። አዲሱን ሸራ ለማላመድም እሑድ ማለዳ ቀለበት መንገዱ ጭር ባለበት ሰዓት ከ60 ወደ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ሃያ ጊዜ ያህል፣ ሙሉ በሙሉ ሳላቆምና በየመሃሉ እያቀዘቀዝኩ አዘገየኋት።

ከዚያ ወዲህ ያንኑ ቁልቁለት ተጭኜ ሁለት ጊዜ ወርጃለሁ። በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ እየያዝኩ፣ ፍሬኑን በስሱ ረግጦ ከማቆየት ይልቅ አጠንክሬ ይዤ እየለቀቅሁ ስወርድ ፔዳሉ ከላይ እስከ ድልድዩ ድረስ ቁመቱን አልለወጠም። ስቆም ከጎማው የሚወጣው ሽታ ቀላል ነበር፤ ያኔ ግን ዓይን ያስለቅስ ነበር። ጉድለቱ፣ ጠዋት በብርድ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ጊዜያት ሲረገጥ ይጮኻል፣ ቸርኬውንም በጥቁር አቧራ ያለብሰዋል፤ ዲስኩንም ከቀድሞው ሸራ በበለጠ ፍጥነት እንደሚበላው እጠብቃለሁ። ከተፈቀደው በላይ ለሚጭን ሰው ይህ ሁሉ አይበቃውም። ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ ለማስቀየር ቀኑን በቴፕ ጽፌ በዘይት ማጠራቀሚያው ክዳን ላይ ለጥፌዋለሁ።