ጡሩምባ የሌለው፣ የድምፅ ራስ የሌለው ወይስ ሞላው የተሰበረ? አሮጌ ግራሞፎን ለሚገዛ ሰው ንጽጽር

ሦስት አሮጌ ግራሞፎኖች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል እንበል። የመጀመሪያው ሳጥኑ ደህና ነው፤ ትልቁ ጡሩምባ ግን የለም። ሁለተኛው ቁም ሳጥን ያህላል፤ ጡሩምባው ከበሮቹ ጀርባ ተሸሽጓል፤ መርፌ የሚይዘው ክብ የድምፅ ራስ ግን ተነቅሎ ተወስዷል። ሦስተኛው እንደ ሻንጣ የሚዘጋ ነው። ምንም የጎደለው አይመስልም፤ ማዞሪያ እጀታውን ሲያዞሩት ግን ሳይከብድ ዝም ብሎ ይሽከረከራል። አጠገባቸው አራተኛ አለ፤ የነሐስ ጡሩምባው እንደ ወርቅ የሚያበራ፣ አንድም ነገር ያልጎደለው። የገዢ ዓይን የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው። እኔ ግን ከአራቱ በነጻ ቢሰጠኝ እንኳ የማመነታው በእሱ ነው።

አስመሳይ ሊሆን ይችላልና እሱን አስቀድመን እናውጣው። ብዙዎቹ አስመሳይ ግራሞፎኖች ሕንድ ውስጥ በቅርብ ጊዜ የተሠሩ ናቸው። አዲስ ሳጥን ይገጠማል፣ ከአሮጌ ሻንጣ ግራሞፎን የተነቀለ ሞተር ይገባበታል፣ ስስ የነሐስ ጡሩምባ ይሰካበታል። በመጨረሻም ውሻው ከግራሞፎን ፊት ተቀምጦ የሚያዳምጥበት የሂዝ ማስተርስ ቮይስ ምልክት ይለጠፍበታል። ያ ምስኪን ውሻ ስንት ሐሰት እንደመሰከረ ቢያውቅ ተነሥቶ በሄደ ነበር። ማጭበርበሩን የሚያጋልጠው ጡሩምባውና ክንዱ የሚገናኙበት ክርን ነው። በእውነተኛው ላይ ክርኑ ወደ ጡሩምባው እየሰፋ የሚሄድ፣ ለስላሳ ቅርጽ ያለው ነው፤ በአስመሳዩ ላይ የውሃ ቧንቧ መገጣጠሚያ ይመስላል። ሞተሩ የተጣበቀበትን ሰሌዳም አስነሥተው ውስጡን ይዩ። ያረጀ እንጨት ውስጡም ያረጀ ነው፤ ትናንት የተፋቀ የሚመስል ነጭ እንጨትና ያለ ሥራ የተበሱ የብሎን ቀዳዳዎች ካገኙ ገንዘብዎን ወደ ኪስዎ ይመልሱ።

አሁን ወደ ሦስቱ። ጡሩምባ የሌለው ግራሞፎን ከሩቅ ሲያዩት ከሁሉ የከፋ ጉዳት የደረሰበት ይመስላል፤ አይደለም። በአሮጌው ልክ የሚሠሩ የብረት ጡሩምባዎች ይገኛሉ፤ የክርኑን አፍ ስፋት በትክክል ለክቶ ማዘዝ ነው። ድምፁም አያሳፍርም። ችግሩ ዋጋው ላይ ነው፤ አዲስ ጡሩምባ የተገጠመለት ማሽን ለሰብሳቢ ሙሉ አይደለም። ሻጩ የሙሉውን ዋጋ ከጠየቀ የሚከራከሩበት ነጥብ ይኸው ነው። ማሽኑ ሲሠራ ጡሩምባው የእንጨት ከነበረ ደግሞ ነገሩ ይከብዳል፤ የድሮ የእንጨት ጡሩምባ ብቻውን የቀሪውን አካል ያህል ሊያስወጣ ይችላል።

ቁም ሳጥን መሰሉን ለመለየት ቀላሉ መንገድ የአምራቹ ስም ያለበት የብረት ሰሌዳ ነው። የአሜሪካው ቪክተር ኩባንያ ጡሩምባውን ሳጥን ውስጥ የደበቀውን ቪክትሮላን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1906 ነው። ሰሌዳው ላይ «ቪቪ» (VV) የሚሉትን ሁለት ፊደሎች ካዩ «ቪክተር ቪክትሮላ» ማለት ናቸው፤ የሚከተላቸው፣ ብዙ ጊዜ የሮማ የሆነው ቁጥር ሞዴሉ ነው፤ ተከታታይ ቁጥሩም እዚያው ተመትቷል። ሰሌዳው የተነቀለበትን ማሽን ማንነቱን በእርግጠኝነት መናገር አድካሚ ስለሆነ ከዋጋው ላይ ይቀነስ።

የጎደለው የድምፅ ራስ ግን ከየትኛው ዘመን ነው? እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። በቀደሙት ማሽኖች ላይ የድምፅ ራሱ ልብ ማይካ ከሚባል ብርሃን አሳላፊ ማዕድን የተሠራ ስስ ክብ ቅጠል ነው፤ ዙሪያውን የጎማ ቱቦ ያቅፈዋል። ጎማው ከዘመን ብዛት እንደ ድንጋይ ይጠነክርና ድምፁ ይሻክራል፤ ጎማውን መለወጥ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፤ ተመሳሳይ ራስ ፈልጎ ማግኘትም አያስቸግርም። እ.ኤ.አ. ከ1925 ጀምሮ ከወጡት ኦርቶፎኒክ ቪክትሮላዎች አንዱ ከሆነ ግን ይጠንቀቁ። የእነዚህ ራስ ቤቱ ብዙ ጊዜ ከዚንክ ቅልቅል የተቀለጠ ስለሆነ ከዘመን ጋር ያብጣል፣ ይሰነጠቃል። ምትክ ተብሎ የሚመጣልዎት አሮጌ ራስም በዚሁ በሽታ የተያዘ ሊሆን ይችላል። ከራሱ ጋር ክንዱም ከሌለ እኔ አልገዛም። ልኩን የሚያሟላ ክንድ ፍለጋ ዓመት ሊፈጅ ይችላል።

ሦስተኛው፣ ሞላው የተሰበረው ሻንጣ፣ የእኔ ምርጫ ነው። እጀታው ሲዞር የማይከብደው ወይ ሞላው ስለተሰበረ ነው፣ ወይ ጫፉ ከመሐል እንብርቱ ስለተላቀቀ ነው፤ የኋለኛው ከሆነ አዲስ ሞላም አያስፈልግም። ከተሰበረ ስፋቱን፣ ውፍረቱን፣ ርዝመቱንና የጫፎቹን ቅርጽ ለክቶ ተመሳሳዩን መግዛት ነው። ሂዝ ማስተርስ ቮይስ እ.ኤ.አ. በ1925 ያወጣው 101 የተባለው ሻንጣ ግራሞፎን እና በ1931 ያስከተለው 102 በብዛት የተሠሩ ስለሆኑ ዕቃቸው አይጠፋም። ከሁለቱ 102ን አስቀድማለሁ፤ የ101 ራስ ባለ ማይካ ሲሆን የ102 ራስ የብረት ቅጠል ያለው ነው፤ ድምፁም የበለጠ ጉልበት አለው።

ሞላ ራስዎ ሊቀይሩ ካሰቡ አንድ ነገር ልንገርዎ። የመጀመሪያዬን የሞላ ቤት የከፈትኩት በባዶ እጄ ነበር። ክዳኑ ሲነሣ ሬንጅ የመሰለ ጥቁር፣ የደረቀ ግሪስ ታየኝ፤ ሽታው እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ። በጉጠት ጫፉን ያዝ አደረግሁት፤ ጥቂት ሜትር የሚረዝም የብረት ጥብጣብ በአንድ ቅጽበት ተፈትልኮ ወጣ፤ ግሪሱ ግድግዳው ላይ፣ ጠባሳው አውራ ጣቴ ላይ ቀረ። ስለዚህ ያልተሰበረ ሞላ ያለውን ሞተር ከመንካት በፊት ፍሬኑን ለቆ ሸክላው የሚቀመጥበት ሳህን ራሱ እስኪቆም ማስጨረስ፣ ቀጥሎ ወፍራም ጓንት ማጥለቅና ጥብጣቡን ቀለበት በቀለበት ማውጣት ነው። ይህ የማይመችዎ ከሆነ ለሰዓት ሠሪ ይስጡት። አሮጌው ግሪስ በነጭ ጋዝ ይታጠባል፤ ግራፋይት ያለበት አዲስ ግሪስ ይቀባል። ሸክላ ሲጫወት ከሆዱ «ዱብ» የሚል ድምፅ የሚሰማው የሞላው ጥቅሎች በደረቀ ግሪስ ተጣብቀው ድንገት ሲላቀቁ ነው፤ ብዙ ገዢ ግን ማሽኑ ሞተ ብሎ ይሸሻል። እንዲህ ዓይነቱን በርካሽ ይግዙ።

ሳጥኑን በተመለከተ አጭር ነው፦ አይፋቁት። የድሮው ቫርኒሽ አብዛኛውን ጊዜ ሼላክ ስለሆነ አልኮል የነካው ጨርቅ ጠርጎ ይወስደዋል፤ የአምራቹን የወርቅ ቀለም ምልክትም አብሮ ያነሣዋል። የደበዘዘ ግን ያልተነካ ሳጥን እንደ አዲስ ከተቀባው ይበልጣል። ሸክላ የምንለውም፣ ስሙ ጭቃ ጭቃ ቢልም፣ ከዚሁ ሼላክ ማለትም ከነፍሳት ከሚገኝ ሙጫ ነው የተሠራው።

ሲገዙ የራስዎን አዲስ መርፌና ቢጎዳ የማይቆጭዎትን አንድ ሸክላ ይዘው ይሂዱ። የብረት መርፌ ለአንድ ገጽ ብቻ ነው፤ ሻጩ ማሽኑ ላይ ተሰክቶ የቆየውን መርፌ ተጠቅሞ ቢያስደምጥዎ ድምፁ ምንም አይነግርዎትም። የፕላስቲክ ባለ 33 ዙር ሸክላ ግን በፍጹም አያስቀምጡበት፤ ከመቶ ግራም በላይ የሚጫነው ራስ በአንድ ጉዞ ያርሰዋል። የኤዲሰን ወፍራም ዲስክም በአልማዝ እንጂ በብረት መርፌ አይነካም። ከዚያ ትንሽ ወረቀት ከሳህኑ ጠርዝ ሥር ይሰኩና ዙሩን ይቁጠሩ፤ በግማሽ ደቂቃ 39 ከሞላ ፍጥነቱ ልክ ነው። ከጎደለ ወይም ከበለጠ የፍጥነት ማስተካከያውን ያዙሩት። እያዞሩትም ድምፁ ከፍ ዝቅ እያለ የሚዋዥቅ ከሆነ ከሞተሩ ሥር የሚሽከረከሩትን ትንንሽ ክብደቶች ይመልከቱ፤ ከሦስቱ የአንዱ ስስ ብረት ተሰብሮ ይሆናል።