በድሬዳዋ ብስክሌት ለማስገጠም ላሰባችሁ ሁሉ ማስጠንቀቂያ፦ የመዘናችሁት ዕቃ የሚገጠመው ዕቃ ላይሆን ይችላል

ይህን የምጽፈው ንዴቴ ሳይበርድ ነው። ነገሩ የተፈጸመው ከሐሙስ ጠዋት እስከ ትናንት ዓርብ ረፋድ ድረስ ሲሆን፣ ጥቂት ቀን ካሳለፍኩ ለስለስ አድርጌ እንደምጽፈው ራሴን ስለማውቅ ዛሬውኑ ተቀምጫለሁ። ሱቁን በስም አልጠራም። የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ በመጋላ ሰፈር በኩል የብስክሌት መለዋወጫ ከሚሸጡት አንዱ ነው፤ እንዲህ ያለውን ሱቅ ደግሞ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በሩ ላይ ጎማ ተንጠልጥሏል፣ ከውስጥ ካርቶን እስከ ጣሪያ ተከምሯል፣ ለደንበኛው ሻይ ይታዘዛል፣ ከዚያም «ለሌላ ሰው በዚህ ዋጋ አልሰጥም» የምትለው ቃል ትከተላለች።

ብስክሌቱ ለልጄ ነበር። ልጄ 17 ዓመቱ ሲሆን፣ ሁለት ዓመት ሙሉ እሑድ እሑድ ጎሕ ሲቀድ ከለገሃሬ ተነስተው ወደ ደንገጎ ከሚወጡት ወጣቶች ጋር ሲወጣ ቆይቷል። ያንን መንገድ በመኪና ብቻ የምታውቁት ሰዎች ዳገቱን አታውቁትም። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የሐረር መንገድ የተራራውን ጥምዝምዝ ጨርሶ ደንገጎ ሲደርስ ከ2,000 ሜትር በላይ ይሆናል። ልጄ ይህን ሁሉ የሚወጣው ከአጎቱ በወረሰው፣ 17 ኪሎ በሚመዝን አሮጌ የብረት ብስክሌት ነበር። ፅጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ መሆኑን ከነገረኝ ቀን ጀምሮ ፎቶው ከመኝታው በላይ ተለጥፏል። ልጁ አንድም ቀን ብስክሌት ግዛልኝ ብሎኝ አያውቅም፤ እኔ ግን ከመምህርነት ደመወዜ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ቆጥቤ 68,000 ብር አጠራቀምኩ።

በዚህ ገንዘብ አዲስና ቀላል ብስክሌት ተገጥሞ እንዳለ መግዛት አይቻልም። ገበያው ውስጥ የሚገኙትን ክፍሎች አንድ በአንድ እየመረጡ ማስገጠም ግን ይቻላል፤ ሐሳቡ ትክክል ነበር፣ አሁንም ትክክል ነው እላለሁ። ከአውሮፓ አገልግለው ከሚገቡት ውስጥ ጥሩ የአሉሚኒየም ፍሬም አይጠፋም፤ የአሉሚኒየም ቸርኬ፣ የአሉሚኒየም መሪና የመቀመጫ ዘንግ፣ ደህና ማርሽ እየተፈለገ ይገኛል። አሉሚኒየም በአንድ ሴንቲ ሜትር ኩብ 2.7 ግራም ሲመዝን ብረት 7.8 ግራም ያህል ይመዝናል። ብረት ይበልጥ ጠንካራ ስለሆነ የአሉሚኒየሙ ቱቦ ወፈር ተደርጎ ይሠራል፤ እንዲያም ሆኖ በመጨረሻ ቀሎ ይገኛል። እኛ የፈለግነው ደግሞ ተአምር አልነበረም። ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር በውድድር ላይ ከ6.8 ኪሎ በታች የሆነ ብስክሌት አይፈቅድም፤ የእኛ ዕቅድ 10 ኪሎ ተኩል ገደማ ነበር፣ ለደንገጎ ይበቃል።

ሐሙስ ጠዋት ከልጄ ጋር ሄድን። ባለ ሱቁ በአክብሮት ተቀበለን፤ እኔን «ጋሼ» ልጄን «ሻምፒዮን» እያለ ሻይ አዘዘልን። ልጄ የወጥ ቤታችንን ትንሽ ዲጂታል ሚዛን በቦርሳው ይዞ ነበርና እያንዳንዱን ክፍል የሱቁ ጠረጴዛ ላይ እያስቀመጠ መዘነ፣ እኔም በደብተር ጻፍኩ። ጥቁሩ ፍሬም 1.7 ኪሎ መጣ። ቸርኬዎቹ፣ መሪው፣ የመቀመጫው ዘንግ፣ የፔዳሉ ክንድ፣ የሺማኖ አሴራ ማርሹ፣ ጎማውና ከመነዳሪው ሳይቀር ሁሉም ተመዝነው ድምሩ 10.4 ኪሎ ሆነ። ልጄ ፍሬሙን ገልብጦ የፔዳሉ ኩሽኔታ ከሚገባበት ቀዳዳ በታች በቁልፍ ጫፍ አንዲት ትንሽ መስቀል ጫረበት። ሲጭር አይቼው፣ ሰውን እንዲህ መጠርጠር ነውር ነው ብዬ በሹክሹክታ ተቆጣሁት። አሁን ይህን ስጽፍ እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ልጁ የሠራው ትክክል ነበር፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።

ሙሉውን 68,000 ብር ከፈልኩ። ደረሰኝ ስጠይቅ «ማሽኑ ተበላሽቷል፣ ማታ ብስክሌቱን ሲወስዱ ይደርሳል» አለና «ብስክሌት 1» ተብሎ የተጻፈበት ብጣሽ ወረቀት ሰጠኝ። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ነጋዴ ደረሰኝ እንዲሰጥ እንደሚያስገድድ አውቃለሁ፤ ለተማሪዎቼም አስተምሬዋለሁ። እያወቅሁ ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ።

ከዚያ ስድስት ሰዓት ሆነ። የድሬ ስድስት ሰዓት ምን እንደሆነ ለድሬ ሰው አልናገርም። ባለ ሱቁ የበሩን ቆርቆሮ ግማሽ ድረስ እያወረደ «ጋሼ፣ ልጆቹ ሙቀቱ በረድ ሲል ይገጥሙታል፤ እዚህ ሙቀት ውስጥ ምን ያደርጋሉ? አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ብቅ ይበሉ» አለኝ። ልጄ «አባዬ፣ እኔ ልቀመጥና ሲገጥሙ ልይ» አለ። ባለ ሱቁ ሳቀና «ሻምፒዮን፣ እኛን አታምነንም እንዴ?» አለው። ልጄን እጁን ይዤ ወጣሁ። ያ ሁሉ ዕቃ፣ የመዘንነውና የጻፍነው ሁሉ፣ ከግማሽ በር በስተጀርባ አምስት ሰዓት ሙሉ ቀረ።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ብቻዬን ተመለስኩ፤ ልጄ ትምህርት ነበረው። ብስክሌቱ ተገጥሞ ውጭ ቆሟል፣ ግን ፍሬሙ ከላይ እስከ ታች በስፖንጅ ተጠቅልሎ በፕላስተር ታስሯል። «ቀለሙ ባጃጅ ላይ እንዳይፋቅ ብለን ነው» አለ ባለ ሱቁ። በደግነታቸው ደስ አለኝና አመሰገንኩት። አንዱ ሠራተኛ ወደ ባጃጁ ሊጭነው ሲል «ቆይ እኔ ላንሳው» ብዬ መሐል ፍሬሙን ያዝኩና አነሳሁት።

ስለዚህ ቅጽበት በደንብ መጻፍ አለብኝ። ክንዴ ወዲያው አወቀ። ጠዋት ፍሬሙን በሁለት ጣት ይዤ ሚዛኑ ላይ ያስቀመጥኩት ሰው ነኝና፣ ይህ ክብደት የዚያ ፍሬም ክብደት እንዳልሆነ ትከሻዬ ድረስ ተሰማኝ። ቀና ስል ሠራተኛው ዓይን ዓይኔን እያየ ነበር። ባለ ሱቁ ደግሞ በር ላይ ቆሞ ስልኩን እየነካካ ነበር፤ ጣቱ ግን ቆሟል። ሦስታችንም ለጥቂት ሰከንድ ዝም አልን። ከዚያ ለራሴ «ሁሉም ተገጥሞ ሲነሳ እንዲህ ነው የሚከብደው» አልኩት። ሚዛኑ እቤት ነው፣ ደብተሩ ግን ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ፕላስተሩን ቅደዱት ማለት እችል ነበር። አላልኩም። መጠየቅ አፈርኩ። ብስክሌቱን ጫንኩት፣ ሠራተኛውም «በደስታ ይንዳበት» ብሎ መረቀኝ። ያንን ምርቃት እስካሁን እሰማዋለሁ።

ደረሰኙንም ረስቼው ወጣሁ።

ልጄ ማታ ግቢያችን ውስጥ ስፖንጁን ፈታው። ጥቁር ፍሬም ነው፣ ቱቦው ወፍራም ነው፣ በጎኑም ጠዋት ያየነው ዓይነት ጽሑፍ ተለጥፎበታል። ልጁ ምንም ሳይናገር ብስክሌቱን ገልብጦ በመሪውና በመቀመጫው አቆመና የስልኩን መብራት ከኩሽኔታው ሥር አበራ። መስቀሉ የለም። በጨርቅ ጠርጎ እንደገና አየ። ከዚያ ወደ ቤት ገባና ከፍሪጅ በር ላይ ማግኔት ነቅሎ መጣ። ማግኔት አሉሚኒየም ላይ አይያዝም፣ ብረት ላይ ይያዛል፤ ይህን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ወደ ፍሬሙ ሲያስጠጋው «ጠቅ» ብሎ ተጣበቀ። ወደ ቸርኬው አስጠጋው፣ ተጣበቀ። መሪው ላይ፣ የመቀመጫው ዘንግ ላይ፣ የፔዳሉ ክንድ ላይ ተጣበቀ። ልጄ ቀና ብሎ «አባዬ፣ ይሄ የኛ ፍሬም አይደለም» አለኝ፤ ድምፁ ውስጥ ወቀሳ አልነበረም፣ እሱ ነው ያንገበገበኝ።

የጎረቤታችንን የእህል ሚዛን ተውሰን መዘንነው፤ 13.9 ኪሎ። ሦስት ኪሎ ተኩል ብረት ጨምረውበታል። ማርሹን አልነኩትም፣ ፔዳሉን አልነኩትም፣ ጎማውንም አልነኩትም፤ ስምና ጽሑፍ ኖሮት በዓይን የሚለየው ሁሉ በቦታው አለ። የለወጡት በእጅና በሚዛን ብቻ የሚታወቀውን ነው። እጅግ የሚያስቆጣው ደግሞ የመቀመጫው ነገር ነው። ዘንጉን ከፍሬሙ ስናወጣው ቆርቆሮ ተከትሎት ወጣ። የፍሬሙ ቀዳዳ 27.2 ሚሊ ሜትር የሚል ዘንግ የሚፈልግ ሲሆን፣ የተገጠመለት 25.4 ሚሊ ሜትር ነበር፤ ክፍተቱን ለመሙላት የለስላሳ መጠጥ ጣሳ በመቀስ ቆርጠው ደራርበው ጠቅልለውበታል። የጣሳው ቀይ ቀለም ሳይቀር ይታያል፣ ጠርዙም እንደ ምላጭ ነው። 17 ዓመት የሆነው ልጅ በዚያ ላይ ተቀምጦ ከደንገጎ ቁልቁል ሊወርድ ነበር። ቸርኬውም ቢሆን የሚያብለጨልጭ የብረት ቸርኬ ነው፤ እንዲህ ያለው ቸርኬ ዝናብ ሲነካው ፍሬን በደንብ እንደማይዝ ብስክሌት የነዳ ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ ነገሩ የገንዘብ ብቻ አይደለም።

ዓርብ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ብስክሌቱን፣ ደብተሩን፣ ማግኔቱንና ያንን የጣሳ ቁራጭ ይዤ ሄድኩ። ባለ ሱቁ ከወንበሩ አልተነሳም። ማግኔቱን ፍሬሙ ላይ ለጥፌ ሳሳየው «እና?» አለ። የሐሙስ ጠዋቱን 1.7 ኪሎ ከደብተሬ ሳነብለት «ደብተሩን የጻፍከው አንተ፣ የመዘንከው በአንተ ሚዛን፣ እኔ ምን አገባኝ?» አለኝ። ሐሙስ «ጋሼ» ነበርኩ። ድሬ አንቱታ የማታበዛ ከተማ መሆኗን ተወልጄ ያደግኩባት ሰው አውቃለሁ፤ የድሬ «አንተ» የወዳጅነት ነው፣ ታናሽም ታላቁን ሲጠራበት ማንም አይከፋም። ይህኛው ግን ሌላ ነበር። ገንዘቤ ኪሱ ከገባ በኋላ የመጣ «አንተ» ነው።

ድምፄን ከፍ ሳደርግ ከጓዳ የሐሙሱ ሠራተኛ፣ ያ የመረቀኝ፣ ካቻቢቴ በእጁ ይዞ ወጣና «አቦ አታካብድ! ወርቅ ነው እንዴ የገዛኸው በግራም የምትቆጥረው?» አለ። ሁለቱም ሳቁ፤ ሻይ የሚያቀብለው ልጅ ሳይቀር ሳቀ። የጣሳውን ቁራጭ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ «ልጄ በዚህ ቢሞትስ?» ብዬ ጠየቅኩ። ባለ ሱቁ በጣቱ ጫፍ ወደ መሬት ገፋው። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም፤ ደረሰኝ ካለህ አምጣ» አለኝ። ደረሰኝ እንደሌለኝ ከእኔ በላይ የሚያውቀው እሱ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ተማሪ ፊት ቆሜያለሁ፤ ቃል አጥሮኝ የቆምኩበት ቀን ትናንት ነው።

ብስክሌት ማስገጠም ለምትፈልጉ የምለው አጭር ነው። ክፍሎቹን ከመዘናችሁ በኋላ እስኪገጠሙ ድረስ ከአጠገባቸው አትነሱ፤ ከሙቀቱ በኋላ ና ከተባላችሁ ዕቃውን ይዛችሁ ሂዱና በኋላ ይዛችሁ ተመለሱ። ማግኔት በኪሳችሁ ይኑር፤ ሰንሰለቱ፣ ኩሽኔታውና ብሎኑ ብረት መሆናቸው ያለ ነውና እነሱን ትታችሁ የፍሬሙን ቱቦ፣ ቸርኬውን፣ መሪውንና የመቀመጫውን ዘንግ ፈትኑ። ዘንጉን አስወጥታችሁ እዩት። ተጠቅልሎ የተሰጣችሁን እዚያው አስፈቱ። የክፍሎቹ ዝርዝር ያለበት ደረሰኝ ሳይጻፍ ብር አትቁጠሩ።

እኔ ሰኞ ጠዋት ደብተሩን፣ «ብስክሌት 1» የምትለውን ወረቀትና ፎቶዎቹን ይዤ ወደ ንግድ ቢሮ እሄዳለሁ። የጣሳውን ቁራጭ ከመሬት አንስቼ መጥቻለሁ፣ እሱንም እይዛለሁ። መጋላ በኩል ብስክሌት አስገጥማችሁ ከሰጣችሁት ዕቃ ሌላ የተመለሰላችሁ ካላችሁ በዚያው ጠዋት አብራችሁኝ ኑ፤ ማግኔቱን አመጣለሁ፣ ብስክሌታችሁን ይዛችሁ ኑ።