ከፊት ሆኖ መምራትን ላስተማሩን የደብረ ብርሃን ሹፌር

መኪና ይዛችሁ በቡድን ወደ አፋር በረሃ ለመውረድ የምታስቡ ካላችሁ፣ አንድ ሰው ልጠቁማችሁ። በዚሁ አጋጣሚም ከልብ ላመሰግናቸው እፈልጋለሁ። ስማቸው እንዲወጣ ስላልፈለጉ ጋሼ ልበላቸው። ነዋሪነታቸው ደብረ ብርሃን ነው። ረጅም ዘመን የመስክ ሹፌር ሆነው ቆላውን ተመላልሰውበታል። አሁን ፎር ዊል መኪና ላላቸው ሰዎች ቡድን መምራትን ያሰለጥናሉ።

ስልጠናው የሚጀምረው ከኋላ ነው። ከሁሉም የበሰለውን ሹፌር ገመድና ኮምፕሬሰር (የጎማ ንፋስ መሙያ) አስይዘው መጨረሻ ላይ ያሰልፉታል። እያንዳንዱ ሹፌር ተከታዩን በስፖኪዮ ያያል። ከጠፋበት ይቆማል። እሱ ሲቆም ከፊቱ ያለውም ይቆማል፣ እንዲህ እያለ መሪው ጋ ይደርሳል። መንገድ ሲከፈል ደግሞ ተከታይህ መታጠፍህን ሳያይ ንቅንቅ የለም። አቧራው መኪና በሚሰውርበት ሜዳ ላይ ይህ ከሬዲዮም በላይ ጠቅሞናል።

አሸዋ ላይ ከመግባታችን በፊት የጎማ ንፋስ አስቀነሱን፤ ከ35 ወደ 18 ፒኤስአይ ገደማ። ጎማው ሲለሰልስ መሬቱን ሰፋ አድርጎ ይይዛል። አስፋልት ላይ ከመውጣታችን በፊት መልሰን ሞላን። የተቀረቀረ መኪና ሲጎተት ደግሞ ሰውን ሁሉ ከገመዱ ርዝመት አርቀው ያቆማሉ። የተበጠሰ ገመድ ሰው ይገድላልና እዚህ ላይ ቀልድ አያውቁም።

ለእኔ ትልቁ ትምህርት የጎርፉ ነው። ከአንኮበር በአልዩ አምባ ወርደን አንድ ደረቅ ወንዝ ዳር አስቆሙን። ከላያችን ሰማዩ ጥርት ብሏል። እሳቸው ግን ወደ ኋላ ዞረው የጠቆረውን ደጋ አሳዩን። «እዚያ የዘነበው ነው እዚህ የሚወስድህ» አሉ። ጠብቀን፣ ደጋው ሲገለጥ ተሻገርን። ወንዝ ውስጥ መኪና አቁሞ ምሳ መብላትማ በእሳቸው ዘንድ የማይታሰብ ነው።

ካርታውን ስልካችን ላይ ጭነን፣ መገንጠያው ላይ ሁሉ ምልክት እያደረግን ነበር የምንሄደው። እሳቸው ግን እረኛ ሲያዩ ሞተር አጥፍተው ይወርዳሉ። ተረጋግተው ሰላምታ ይለዋወጣሉ፤ በአፋሮች ወግ ዳጉ ይባባላሉ፣ ማለትም ያዩትንና የሰሙትን ወሬ ይለዋወጣሉ። መንገድ የሚጠይቁት ከዚያ በኋላ ነው። የትኛው መተላለፊያ እንደተበላሸ፣ የትኛው አካባቢ ሰላም እንደሆነ የሚያውቀው እዚያ የሚውለው ሰው ነው። ይህን ትዕግስት ስላሳዩን በተለይ አመሰግናቸዋለሁ።

ክፍያቸው ለድካማቸው ያንሳል ባይ ነኝ። ጠበቅ ይላሉ፤ ስኮርት ጎማና በቂ ውሃ ያልያዘ ሰው ከደብረ ብርሃን አያልፍም። በሐምሌና በነሐሴ ቡድን አይወስዱም። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ መውጣት የምትፈልጉ ከአሁኑ አነጋግሯቸው። ስልካቸውን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ እሰጣለሁ፤ ፈቅደውልኛል።