የሆድ ድርቀት መድኃኒት ስትገዙ የትኛውን ትመርጣላችሁ?

ፋርማሲ ገብቶ «ለሆድ ድርቀት የሚሆን ነገር ስጡኝ» ማለት ቀላል ነው። ግን እነዚህ መድኃኒቶች ሥራቸው አንድ አይደለም። አንዱ በሩብ ሰዓት ይሠራል፣ ሌላው ሦስት ቀን ያስጠብቃል፣ አንዱ ደግሞ ኩላሊቱን ለሚታመም ሰው አደገኛ ነው። ስለዚህ ከዋጋው በፊት ሁለት ነገር አስቡ፦ ምን ያህል ቸኩያለሁ? ሌላስ ምን ሕመም አለብኝ፣ ምን መድኃኒት እወስዳለሁ?

ጭራሽ መግዛት የሌለባችሁ ጊዜም አለ። ኃይለኛ የሆድ ሕመም፣ ትውከት ወይም የሆድ መነፋት ካለ፣ በተለይ ፈስ እንኳ አልወጣ ካለ፣ አንጀት ተዘግቶ ሊሆን ስለሚችል ምንም ማስለስለሻ ሳትወስዱ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ሂዱ። ሰገራ ላይ ደም ከታየ፣ ያለ ምክንያት ከከሳችሁ ወይም ድርቀቱ አዲስ ሆኖ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየም ተመርመሩ።

ይህ ሁሉ ከሌለ፣ ለአብዛኛው አዋቂ ሰው እኔ መጀመሪያ የምለው ማክሮጎል ነው። አንዳንዱ እሽግ ላይ ፖሊኢትሊን ግላይኮል ተብሎ ይጻፋል። ዱቄት ነው፤ የተለመደው መጠን 17 ግራም በአንድ ብርጭቆ ውኃ በጥብጦ በቀን አንዴ መጠጣት ነው። ውኃውን አንጀት ውስጥ ይዞ ስለሚያቆይ ሰገራው ይለሰልሳል፣ ቁርጠቱም እምብዛም ነው። ጉድለቱ አለመቸኮሉ ነው፤ ከ1 እስከ 3 ቀን ይፈልጋል። ላክቱሎስም በተመሳሳይ መንገድ ይሠራል፣ ጣፋጭ ሽሮፕ ነው፣ ግን ሆድ ይነፋል፣ ጋዝም ያበዛል። ሁለቱም ካሉ ማክሮጎሉን ውሰዱ።

ሲሊየምና ሌሎች የፋይበር ዱቄቶች ድርቀቱ ቀላል ሆኖ ለሚመላለስበት ሰው ጥሩ ናቸው። ከ12 እስከ 72 ሰዓት ይፈጃሉ። ውኃ ላይ ግን ቀልድ የለም። ሙሉ ብርጭቆ ካልጠጣችሁበት ጉሮሮ ወይም አንጀት ውስጥ አብጦ ሊዘጋ ይችላል። ለመዋጥ የሚቸገር ሰው አይውሰደው።

የማግኒዥያ ወተት (ስሙ ነው እንጂ ወተት አይደለም፤ ማግኒዥየም ያለበት ፈሳሽ መድኃኒት ነው) ፈጣን ነው፤ ከግማሽ ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይሠራል። ኩላሊቱ ደካማ የሆነ ሰው ግን ማግኒዥየሙን በሚገባ ማስወጣት ስለማይችል ደሙ ውስጥ ይከማችበታል። ዶክሲሳይክሊን ወይም ሲፕሮፍሎክሳሲን የምትወስዱም ለፋርማሲስቱ ንገሩት፤ አብሮ ከተወሰደ አንቲባዮቲኩ በደንብ ወደ ሰውነት አይገባም። ሶዲየም ፎስፌትም ፈጣን ነው፣ ነገር ግን በ24 ሰዓት ውስጥ ከአንድ ጊዜ በላይ መውሰድ ኩላሊትንና ልብን እስከመጉዳት ይደርሳል። እኔ ለዕድሜ ባለጠጎች ጭራሽ አልገዛውም።

ቢሳኮዲልና ሴና አንጀቱን ራሱን የሚያነሳሱ ናቸው። ማታ ተውጠው ጠዋት ይሠራሉ፣ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ማለት ነው። ማክሮጎሉ ካልበቃ ለጥቂት ቀን ይጠቅማሉ፣ ቁርጠት ግን ይኖራቸዋል። የቢሳኮዲልን ክኒን አታኝኩት፣ አትስበሩት፤ ከወተት ወይም ከጨጓራ አሲድ ማስታገሻ ጋር በአንድ ሰዓት ውስጥም አትውሰዱት፤ ሽፋኑ ጨጓራ ውስጥ ይቀልጥና ሆድ ይቆርጣል። ሴና የሽንት ቀለም ሊቀይር ይችላል፣ አትደንግጡ። ለመክሳት ብላችሁ ግን እባካችሁ አትውሰዱ። የሚወጣው ውኃ እንጂ ስብ አይደለም፤ አብሮ የሚሄደው ፖታሲየም ደግሞ ለልብ ያስፈልጋል።

ሰገራው ታች ደርሶ አልወጣ ካለ በፊንጢጣ የሚገባው ግሊሰሪን ይበቃል። ከ15 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ነው። ሰገራ ያለሰልሳል ተብሎ የሚሸጠው ዶኩሴት ላይ ግን ገንዘባችሁን አታውጡ፤ ብዙ ይሸጣል እንጂ ለመሥራቱ ያለው ማስረጃ ደካማ ነው።

የትኛውንም ያለ ሐኪም ምክር ከአንድ ሳምንት በላይ አትቀጥሉበት። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ወይም የምትገዙት ለልጅ ከሆነ መጀመሪያ ጠይቁ። ድርቀቱ የጀመረው እንደ ኮዴይን ወይም ትራማዶል ያለ የሕመም ማስታገሻ፣ ወይም የአይረን ክኒን ከጀመራችሁ ወዲህ ከሆነም ያዘዘላችሁን ሐኪም አነጋግሩት፤ መጠኑን ወይም ዓይነቱን ሊቀይርላችሁ ይችላል። በኮዴይንና በትራማዶል ለመጣ ድርቀት ሲሊየም አይሆንም፤ ማክሮጎል ወይም ሴና ይሻላል።