«ተስተካክሏል» ሲሏችሁ ወዲያው አትክፈሉ

ሰሞኑን 35,000 ብር ተበላሁ። ማንም ኪሴ አልገባም፤ በገዛ እጄ ነው ያስተላለፍኩት።

ስታዲየም አካባቢ ትንሽ የልብስ ሱቅ አለችን። ደንበኛ በስልኩ ያዛል፣ ማረጋገጫው በፒዲኤፍ ይደርሰዋል። ፒዲኤፉን የምታዘጋጀው አማዞን ላምዳ (ኮድን በአማዞን ኮምፒውተሮች የሚያስኬድ አገልግሎት) ላይ ያለች አጭር ኮድ ናት። የምትሄደው በኖድ 18 ነበር፤ ኖድ ጃቫስክሪፕት ኮድን የሚያስኬድ ፕሮግራም ነው፣ 18 እትሙ። የ18 ድጋፍ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 1 ቀን 2025 ስላበቃ ወንድሜ ወደ 22 ቀየራት። ቁጥር መምረጥ ብቻ ነው፣ ኮዱን አልነካም። ከዚያ በኋላ ማረጋገጫ የሚባል ነገር ቀረ። ሎጉ (የሥራና የስህተት መዝገቡ) ላይ ያለው አንድ መስመር ነው፦ ሊብኤንኤስኤስ3 የሚባል ፋይል ሊከፈት አልቻለም፣ የለም።

ሰው በሰው አንድ ባለሙያ ተገኘ። አምባሳደር ጋ ካፌ ቁጭ አልን። ማኪያቶው ሳይቀዘቅዝ ዋጋ ተነገረኝ፤ ግማሹ ቀብድ። መጀመሪያ የጎደለውን ፋይል ከራሱ ኡቡንቱ 22.04 (የሊኑክስ ዓይነት ኦፐሬቲንግ ሲስተም) ገልብጦ ጫነ። ኤረሩ መልኩን ቀየረ እንጂ አልሄደም። አሁን ደግሞ ጂሊብሲ 2.35 አልተገኘም ይላል፤ ጂሊብሲ የሊኑክስ ፕሮግራሞች ሁሉ የሚደገፉበት መሠረታዊ ላይብረሪ ነው። ልጁ ላፕቶፑን ወደኔ አዙሮ «ይኸው፣ እኔ ጋ ይሠራል» አለኝ። እውነትም ይሠራል። ደንበኞቼ ግን የሚያዙት ከሱ ላፕቶፕ አይደለም።

በሦስተኛው ቀን «ተስተካክሏል» ብሎ ደወለ። ሞከርን፣ ፒዲኤፉ መጣ። ቀሪውን ከፈልኩ። አመሰገንኩትም፣ ጉድ እኮ ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የአክስቴ ልጅ ሴቲንጉን ከፍታ ሳቀች። ራንታይም (ኮዱ የሚሄድበት የኖድ እትም) ከሚለው ጎን 18 ተጽፏል። ልጁ ምንም አልጠገነም፤ ወደ ድሮው መልሶት ሄዷል። ለጊዜው ይሠራል። የደህንነት ማሻሻያ ግን አያገኝም፣ ቆይቶም ኮዱን መቀየር ራሱ ይዘጋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ላምዳ ውስጥ ኖድ 18 የሚሠራው አማዞን ሊኑክስ 2 በሚባል ኦፐሬቲንግ ሲስተም ላይ ነው። ከኖድ 20 ጀምሮ አማዞን ሊኑክስ 2023 ሆኗል። ቁጥሩን ስትቀይሩ ከሥር ቤቱም አብሮ ይቀየራል። ፒዲኤፉን የሚያወጣልን ክሮሚየም የሚባል ብራውዘር ያን የጎደለ ፋይል ከድሮው ቤት እየተዋሰ ነበር። አዲሱ ቤት ዕቃው ተቀንሶ ነው የተሠራው፣ ፋይሉ የለም። ጂሊብሲውም 2.34 ነው፤ ስለዚህ 2.35 የሚጠይቅ የኡቡንቱ ፋይል እዚያ አይነሳም። የአክስቴ ልጅ ክሮሚየሙን የያዘውን ጥቅል ለ2023 በተዘጋጀ እትም ተካችው። ከምሳ በኋላ ጀምራ ሳይመሽ ጨረሰች። እንዲህ ያለ ጥቅል ባይኖር ፋይሉን ከዚያው ከ2023 ኮንቴይነር (የላምዳውን ቤት አስመስሎ ኮምፒውተር ላይ የሚያስነሳ ጥቅል) ወስዶ በሌየር፣ ማለትም ከኮዱ ጋር በሚያያዝ ተጨማሪ የፋይል ጥቅል፣ መጫን ይቻል ነበር፤ ላምዳ ሌየር ውስጥ ያለውን የሊብ ፎልደር ያያል።

እናም ቀሪውን ከመክፈላችሁ በፊት ራንታይሙን ራሳችሁ ክፈቱና ቁጥሩን እዩ። የትኛው ፋይል እንደጎደለና ከየት እንደመጣ ጠይቁ። ኤልዲዲ የሚባል ትእዛዝ አለ፣ ፕሮግራሙ የሚፈልጋቸውን ፋይሎች ዘርዝሮ የጎደለውን ያሳያል። ባለሙያው እዚያው የ2023 ኮንቴይነር ውስጥ አስጀምሮ ያሳያችሁ። ላፕቶፑ ላይ ካሳያችሁ አልቆጥረውም።

ልጁን ደውዬ ጠየቅሁት። «ሠርቶልሻል አይደል?» አለኝ። ወደ 22 ማሳደግ ከፈለግሽ ለብቻው ይከፈላል አለ።