ዓይኔን የገለጡልኝን ሃምሳ አለቃ አመስግኑልኝ

ይቺን ጽሁፍ ለመጻፍ ሦስት ሳምንት አመነታሁ። «እናትና ልጅ ኢላማ ተኩስ ተማሩ» ሲባል፣ ያውም ወሎ ውስጥ፣ ያውም በዚህ ጊዜ፣ ሰው ምን እንደሚል አውቃለሁ። እናቴ ራሷ ስትሰማ «አንቺ ልጅ፣ ጤነኛ ነሽ?» ነው ያለችኝ። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ልናገር። የማወራው ስለ አየር ጠመንጃ ነው። ባሩድ የለውም። በበዓል ሰሞንና ባዛር ላይ ፊኛና ቆርኪ የሚመታበት ያ ዓይነት ነው። ውስጡ ያለው ሞላ ሲለቀቅ አየር ያምቅና ትንሽ የእርሳስ ፍሬ ይተፋል። ቢሆንም መጫወቻ አይደለም፤ ዓይን ያጠፋል። ይህን ደግሞ ከእኔ የተሻለ የሚነግሯችሁ ዛሬ የማመሰግናቸው ሰው ናቸው።

ነገሩ የጀመረው በመስኮት ነው። በጎረቤታችን መስኮት። ልጄ 13 ዓመቱ ነው። ከባላ እንጨትና ከአሮጌ የብስክሌት ጎማ ወንጭፍ ሠርቶ ቆርቆሮ እመታለሁ ሲል መስታወት መታ። ከፈልኩ። ተቆጣሁ። ወንጭፉን ምድጃ ውስጥ ከተትኩት። በሳምንቱ ባዛር ይዤው ብወጣ ሌላ ነገር ሳያይ ፊኛ የሚመታበት ድንኳን ፊት ተገተረ። 10 ፍሬ ገዛሁለት። አንድም አልመታም። ሌላ 10 ጨመርኩለት። ባዶ። አጠገቡ ያሉት ልጆች ሳቁበት። ቤት እስክንደርስ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱሪ ልታሳጥር ለመጣች ደንበኛዬ ይህንን እያወራሁላት «ሃምሳ አለቃ ጋ ለምን አትወስጂውም?» አለችኝ። ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው። ቤታቸው ከደሴ ወደ ቦሩ ሜዳ በሚወስደው በኩል ነው። ቅዳሜና እሁድ ጠዋት በግቢያቸው ልጆችን ከወላጆቻቸው ጋር ያስተምራሉ። ያሏቸው ሁለት የአየር ጠመንጃዎች ብቻ ናቸው። ሌላ መሣሪያ ግቢው ውስጥ የለም፤ ቀበሌውም ጎረቤቱም ያውቃቸዋል። ስማቸውን እንዳልጽፍ አስጠንቅቀውኛል፤ «ማዕረጌ ይበቃል» ብለዋል።

የመጀመሪያው ቅዳሜ የምጠቅመውን ቀሚስ ይዤ ሄድኩ። ልጄን አስረክቤ ጥግ ላይ ቁጭ ብዬ ልሠራ ነበር ሐሳቤ። አዩኝ።

«አንቺስ?»

«እኔ ላመላልሰው ነው የመጣሁት።»

«እንግዲያ ይዘሽው ተመለሺ።»

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። አልሳቁም። ልጅ ብቻውን አያስተምሩም። እቤት ገብቶ የተማረውን ሲተርክ ጉራውን ከእውነቱ የሚለይ አንድ ሰው ያስፈልጋል ነው የሚሉት። ቀሚሱን ወደ ፌስታሉ መለስኩት።

በዚያን ቀን ጠመንጃ አልነካንም። መጥረጊያ ነው የሰጡን። እየቀለድኩ አይደለም፤ የቤት መጥረጊያ፣ ባለ እንጨት እጀታውን። ለሁለት ሰዓት ያህል መጥረጊያ ታቅፈን ተማርን። አፈሙዝ ሁልጊዜ ወደ ኢላማው ነው። ጣት እስክታልሚ ድረስ ከምላጩ ውጭ ነው። ባዶ ነው የሚባል መሣሪያ የለም፤ ሁሉም ፍሬ ጎርሷል ብለሽ ያዢው። ከኢላማው ኋላ ምን እንዳለ እወቂ። እኔ ጥያቄ ልጠይቅ ዞር ስል መጥረጊያውም አብሮኝ ዞረ። «ቁሚ!» አሉ። «ምን አጠፋሁ?» «ዶሮዬን ገደልሻት።» ዶሮዋ ከኋላዬ ጥሬ ትለቅማለች። ከመስመር ወጥቼ ዱካ ላይ ቁጭ ብዬ ሩብ ሰዓት ተቀጣሁ። በ41 ዓመቴ! ልጄ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ከባዛሩ ወዲህ እንደዚያ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው።

በማግስቱ እሁድ የልጄን ምስጢር ደረሱበት። ሁለት እጆቹን ወደ ፊት ዘርግቶ በአውራ ጣቶቹና በመዳፎቹ መካከል ትንሽ ቀዳዳ እንዲሠራ አዘዙት። «በሁለቱም ዓይንህ በቀዳዳው ውስጥ የበሩን እጀታ እይ። አሁን ግራህን ጨፍን።» እጀታው ጠፋበት። «ቀኙን ጨፍን።» እጀታው እዚያው ነው። የልጄ ገዥ ዓይን፣ ማለት ሲያልም የሚመራው ዓይን፣ ግራው ነው ማለት ነው። የሚጽፈው በቀኙ፣ የሚበላው በቀኙ፣ ኳስ የሚመታው በቀኙ። ባዛሩ ላይም ጠመንጃውን በቀኝ ትከሻው ደግፎ በግራ ዓይኑ ነበር ሊያልም የሚሞክረው። የዚያ ድንኳን ጠመንጃ ማነጣጠሪያው ራሱ የተጣመመ ሳይሆን አይቀርም፤ ያ የእኔ ጥርጣሬ ነው። ዋናው ግን ይሄ ነበር። ወደ ግራ ትከሻው አዛወሩት። ሁለት ቀን ተንገዳገደ፣ ሦስተኛው ላይ ለመደው። ይኼን ሁሉ ዓመት እናቱ ሆኜ አላውቅም ነበር።

የእኔ ችግር ሌላ ነው። ትንሽ ልቆይበት።

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ደሴ በጦርነቱ ምን እንዳለፈ የደሴ ሰው ያውቃል፤ አልዘረዝረውም። ልጄ ያኔ ትንሽ ነበር፤ የረሳው ይመስለኛል። እኔ ግን እስከ ዛሬ በር በኃይል ሲዘጋ ትከሻዬ ጆሮዬ ድረስ ይወጣል። የአየር ጠመንጃ ድምፅ እኮ ምንም አይደለም፤ ሳጥን ክዳኑ ሲወድቅ ያህል ነው። ሆኖም ተራዬ ደርሶ ጠመንጃዋን ስይዝ ላብ አሰመጠኝ። አምስት ተኮስኩ፤ አምስቱም ከወረቀቱ ውጭ ማዳበሪያው ውስጥ ገቡ። ኢላማው የተደገፈው አፈር በተሞሉ ማዳበሪያዎች ላይ ነው፤ ከማዳበሪያዎቹም ኋላ የተቆረጠ ገደል አለ።

ሃምሳ አለቃ አጠገቤ ቆመው የሚያዩት ኢላማውን አልነበረም። ፊቴን ነበር። «ፍሬው ሳይወጣ ዓይንሽ ይዘጋል» አሉኝ። «ምላጩንም አትስቢውም፤ ትነጥቂዋለሽ። ቶሎ ይለቅልኝ ብለሽ ነው።» ዝም አልኩ። ሌላ ሰው ቢሆን «አትፍሪ» ይለኝ ነበር። ስንት ሰው ብሎኛል! እሳቸው ግን በርጩማ ስበው ጎኔ ተቀመጡና «ጣትሽን ከምላጩ አውጪ። አንቺ ማለም ብቻ ነው ሥራሽ። ምላጩ የእኔ ነው» አሉኝ።

አለምኩ። እሳቸው በአንድ ጣታቸው ምላጩን ቀስ እያሉ ይጫኑታል። መቼ እንደሚለቅ አላውቅም። ስላላወቅሁ መፍራት አልቻልኩም። ዓይኔን ለመጨፈን እንኳ ጊዜውን ማወቅ ነበረብኝ። ጧ! አለ። ወረቀቱን አመጡት፤ ከመሀሉ ሁለት ጣት ብትርቅ ነው። እንደገና። እንደገና። አሥር ጊዜ ያህል እንዲህ አደረግን። ከዚያ ጣቴን በጣታቸው ላይ አደረጉት። ቀጥሎ ጣታቸውን በጣቴ ላይ። መጨረሻ ላይ ጣታቸው የለም፤ እኔ ልብ አላልኩም።

ጥሩ ተኩስ ተኳሹን ራሱን ያስደነግጠዋል ይላሉ። ምላጩን እየጨመርሽ፣ እየጨመርሽ ትሄጃለሽ እንጂ «አሁን!» አትይም። አሁን ካልሽ ነጠቅሽው።

ትንፋሽ ሲያስተምሩኝ ደግሞ ሥራዬን ጠየቁኝ። ልብስ ሰፊ ነኝ አልኳቸው። «መርፌ ላይ ክር ስታስገቢ ትንፋሽሽን ምን ታደርጊዋለሽ?» አስቤበት አላውቅም። ለካ ትንሽ አስወጥቼ እይዘዋለሁ! ሃያ ዓመት ሙሉ እንዲህ ሳደርግ ኖሬያለሁ። «በቃ፣ እሱው ነው» አሉኝ። አየር ታስገቢያለሽ፣ ታስወጫለሽ፣ መጨረሻው ላይ ሰውነት በራሱ ጸጥ የሚልባት አፍታ አለች። እዚያች ላይ ነው ምላጩ። ካለፈሽ አውርጂና እንደ ገና ጀምሪ፤ የሚያጣድፍሽ የለም። ዓይንንም በተመለከተ ያው የመርፌ ነገር ነው። የፊተኛዋን ማነጣጠሪያ አጥርተሽ ታያለሽ፤ ኢላማው ትንሽ ይደበዝዛል፤ ይደብዝዝ። ሁለቱንም አጠራለሁ ያለ ሁለቱንም ያጣል።

አያያዙም ከጠበቅሁት የተለየ ነው። እኔ ጨምድጄ ይዤ ነበር። የእነዚህ ጠመንጃዎች ሞላ ሲፈነጠር ፍሬው ገና ሳይወጣ ጠመንጃው ይዘላል። ጨምድደው ከያዙት በየጊዜው ወደተለያየ ቦታ ይዘላል። መዳፍ ላይ ጋደም ካደረጉት ግን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። «ሌባ የያዝሽ ይመስል አትነቂው» ይሉኛል።

ኢላማው ከኛ 10 ሜትር ይርቃል። የሚሥሉት በቡና ስኒ ነው። ስኒውን አሮጌ የካሌንደር ወረቀት ላይ ደፍተው ዙሪያውን በእስክሪብቶ ያዞራሉ። መጀመሪያ መሀል መምታት አይጠይቁም። አምስቱ ቀዳዳዎች የትም ይሁኑ፣ ብቻ ይቀራረቡ። የአንድ ብር ሳንቲም ያስቀምጡባቸውና አምስቱንም ከሸፈነ «አልፈሃል» ይላሉ። ከዚያ በኋላ ነው ማነጣጠሪያውን የሚያስተካክሉት። የኋለኛው ማነጣጠሪያ ፍሬው እንዲሄድ ወደምትፈልጊው አቅጣጫ ይገፋል፤ ቀዳዳዎቹም ተሰብስበው ወደ መሀል ይመጣሉ። ልጄ በአራተኛው ሳምንት አለፈ። እኔ በስድስተኛው። አሁንም ይበልጠኛል፤ እቤትም ቀን በቀን ይነግረኛል።

አንድ የሚያስቅ ነገር ልጨምር። ልጄ ስልኬ ላይ አንብቦ «አባባ፣ በፓሪስ 2024 ኦሎምፒክ በአየር ጠመንጃ ወርቅ ያገኘችው የደቡብ ኮሪያ ልጅ ያኔ 16 ዓመቷ ነበር፤ የምትተኩሰውም በ10 ሜትር ነው» አላቸው። ሃምሳ አለቃ ሳቁ። «10 ሜትር? ድንጋይ ብትወረውር አትስተውም!» ልጄ ማስመሪያ አውጥቶ የኦሎምፒኩን ኢላማ የመሀል ነጥብ ስፋት አሳያቸው፤ ግማሽ ሚሊ ሜትር ነች። በእስክሪብቶ ጫፍ ነካ አድርጎ ወረቀት ላይ ነጥብ ጣለ። ኦሎምፒክ ላይ ደግሞ ቆመው ነው የሚተኩሱት፣ ሳይደገፉ። ሃምሳ አለቃ መነጽራቸውን አድርገው ነጥቧን ብዙ አዩአት። ከዚያ ባለቤታቸውን ጠርተው አሳዩ። ወረቀቷ አሁን ግድግዳቸው ላይ ተለጥፋለች።

ባለቤታቸውን ካነሳሁ አይቀር፣ እሳቸውም ምስጋና አለባቸው። በዚያ በላብ በሰመጥሁበት ቀን «አብሽሪ» ብለው ቡን ያቀረቡልኝ እሳቸው ናቸው። ከቡኑ በፊት ግን ሁላችንንም በሳሙና ያስታጥቡናል። ፍሬው እርሳስ ስለሆነ በእጃችሁ ቆሎ እንዳትነኩ ይላሉ። ቆሎው ደግሞ ተዉት፣ ሱፍና ሽምብራ የተቀላቀለበት ነው፤ ለእሱ ብቻ ብሄድ አይቆጨኝም።

እንከኑንም ልንገራችሁ፤ ሙገሳ ብቻ ከሆነ አታምኑኝም። ጥላ የለም። ዝናብ ከመጣ ትምህርቱ ይቆማል፤ ጉም ከወረደም ኢላማው ስለማይታይ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። የውትድርና ወሬያቸው ከተጀመረ አያልቅም። ቁጣቸው ድምፁ ከፍ ያለ ነው፤ ስስ ልጅ ያላችሁ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። በአንድ ጊዜ ከአራት ልጅ በላይ አይቀበሉም፣ ከ12 ዓመት በታችም አይሆንም። ጠመንጃዋን አጥፎ ፍሬ የሚያጎርሰው ሁልጊዜ ራሳቸው ናቸው፤ ልጆች ይህ ያናድዳቸዋል። አንድ ቀን አንድ ጎረምሳ መጥቶ «ሰው ለማስፈራራት ያህል ቶሎ ያሳዩኝ» ሲላቸው እኔ ባለሁበት በሩን አሳዩት።

እኔና ልጄ ለሁለታችን ቅዳሜና እሁዱን 600 ብር ከፍለናል፤ ፍሬው በውስጡ ነው። የዓይን መከላከያ መነጽር አላቸው፤ እንጨት ቤት የሚያደርጉት ያ ነጩ ነው። ግን የራሳችሁን ብታመጡ ይሻላል፣ የእሳቸው ተጫጭሯል። ኮፍያና ውሃ ያዙ።

የምትፈልጉ በውስጥ ጻፉልኝ፤ ጠይቄያቸው አገናኛችኋለሁ። ለመጪው ቅዳሜ ግን ሁለት ቦታ ብቻ ነበር የቀረው። አንዱን የመስኮቱ ባለቤት፣ ጎረቤታችን፣ ለራሳቸውና ለልጃቸው ይዘውታል። ስትሄዱ እንዳታረፍዱ። በሩ በ3 ሰዓት ይዘጋል። እኔ አንድ ቀን በ3 ሰዓት ከ10 ደርሼ በበሩ ቀዳዳ ሰላም ተባብለን ተመልሻለሁ።